«የሰባት ወር ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም»፦ ያለጊዜው ስለተወለደ ሕፃን ተረትና እውነታ

አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ገንፎውን ታስቀምጥና በዓይኗ ሕፃኑን ትፈልጋለች። «ልጁስ?» «ማሞቂያ ክፍል ነው።» «በስንት ወሩ መጣ?» «ስምንት ገብቶ ነበር።» ቤቱ ጸጥ ይላል። «ምነው በሰባት በሆነ» የምትል አንዲት እትዬም አትጠፋም። እናቲቱ ከሐኪሞቹ ያልሰማችውን ፍርድ እዚያው አልጋዋ ላይ ትሰማለች።

ተረት፦ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም።

እውነታ፦ ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ የጥንት ግሪክ ሐኪሞችም ከ2 ሺህ ዓመት በፊት ጽፈውታል። ሳንባ ግን በዚህ አይስማማም። የሳንባ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ሲተነፍሱ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ፤ በበቂ መጠን የሚገኘው ወደ 34ኛውና 35ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ በማሕፀን የምትጨመር እያንዳንዷ ሳምንት ትረዳለች። የስምንት ወሩ ልጅ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። ምጥ ቀድሞ ሲመጣ ሐኪሞች ለእናቲቱ መርፌ የሚሰጡትም የሳንባውን ዕድገት ለማፍጠን ነው።

ተረት፦ እናት ከባድ ዕቃ አንስታ፣ ወይም ያማራትን አጥታ ነው።

እውነታ፦ ከ37 ሳምንት በፊት መወለድ ብርቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል። ከታወቁት ምክንያቶች መካከል መንታ እርግዝና፣ ኢንፌክሽንና የደም ግፊት ይገኙበታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ጭራሽ አይታወቅም። አምሮት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ተረት፦ የሚያሳድገው ማሽኑ ነው፤ እናት ባትነካው ይሻላል።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ፣ ኮሎምቢያ፣ ማሞቂያ ያነሰው አንድ ሆስፒታል ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሳደር ጀመረ። የካንጋሮ እንክብካቤ የተወለደው በዚህ መልክ ነው። በአገራችንም የሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ገና ከጅምሩ በዚህ መንገድ የታቀፉት ሕፃናት ሞት ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ የሚመክረው ከወሊድ በኋላ ወዲያው ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ በጨርቅ ይታሰራል። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳል፤ ነርሷ ውስጥ እግሩን ነካ አድርጋ ታስታውሰዋለች። የእናቱ ደረት ሙቀትና እንቅስቃሴም ትንፋሹ እንዲረጋ ያግዛል። አባትም ሸሚዙን ከፍቶ ሊያቅፍ ይችላል። የሚፈለገው በደንብ የታጠበ እጅ ነው።

ተረት፦ እንገር ይጣላል፤ አንጀቱን ቅቤ ያለሰልሰዋል።

እውነታ፦ እንገር የመጀመሪያው ክትባት ነው ቢባል አይጋነንም፤ ገና ያልጠነከረውን አንጀት ከከባድ ሕመም ይጠብቃል። ቅቤ፣ የስኳር ውሃና አብሽ ግን ለኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚጀምረው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የታለበው ወተት በቱቦ ወደ ሆዱ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ከጡት የሚወጣው አንድ የሻይ ማንኪያ ባይሞላም ተስፋ አትቁረጡ፤ ጠብታዋም በሲሪንጅ ተለቅማ ትሰጠዋለች። ሌሊትን ጨምሮ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል ማለብ ወተቱ እንዳይደርቅ ያደርጋል።

ተረት፦ ቢጫ ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል።

እውነታ፦ ያለጊዜው በተወለደ ልጅ ላይ ቢጫነት ቶሎ ወደ አንጎል ጉዳት ሊያመራ ይችላል። የሚያስፈልገው የደም ምርመራና የሆስፒታሉ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ፀሐይ ላይ ማዋሉ ውድ ሰዓት ያባክናል፣ ትንሽ ገላውንም ያቃጥላል ወይም ያበርዳል።

ተረት፦ እኩዮቹ ተቀመጡ፣ እሱ ቀረ፤ እንግዲህ ዘገምተኛ ነው።

እውነታ፦ ሂሳቡን አስተካክሉ። በ32 ሳምንት የተወለደ ልጅ ስምንት ሳምንት ቀድሟል። ዛሬ 6 ወሩ ከሆነ መመዘን ያለበት እንደ 4 ወር ልጅ ነው፤ አንገቱን ካጸና ጥሩ እየሄደ ነው። ይህ የተስተካከለ ዕድሜ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ክትባት ግን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ የ6ኛው፣ የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት ክትባት «ገና ትንሽ ነው» ተብሎ አይዘለልም። የዓይን ምርመራም እንዲሁ፤ የዓይኑ የደም ሥሮች ገና አድገው ስላልጨረሱ ቀጠሮው አይታለፍ።

ቤት ከገባ በኋላ መጥባት ካቆመ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም ከዛለ፣ ሳይነጋ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ጎረቤቶችስ? ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ሌላው ወር መቁጠሩን ትቶ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ያድርስ፣ ገንፎውንም በምሳ ዕቃ ቋጥሮ ሆስፒታል ይውሰድላት። ልጅ በደረቷ ያሰረች እናት እዚያ ብዙ ሰዓት መቀመጥ አለባት።