ፋይሉ አለ፣ ውስጡ የለም

የዋይፋይ ኮንትሮለርን ያመሰገነ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ዋይፋዩ ሲፈጥን ምስጋናው ጣሪያ ላይ ለተሰቀለው አክሰስ ፖይንት ነው፤ ሲንቀራፈፍ እርግማኑ ለኢንተርኔት አቅራቢው። ኮንትሮለሩ ግን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ከራኩ ታችኛው እርከን ላይ ተጋድሞ፣ ማራገቢያው እያጓራ፣ አቧራ እየጠጣ ይኖራል። እኔ ከዚህ ሳጥን ጋር ብዙ ሌሊት ስላሳለፍኩ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ወድጄዋለሁ።

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፦ በየጣሪያው የተሰቀሉት አክሰስ ፖይንቶች የኔትወርኩን ስም፣ የይለፍ ቃሉን፣ ቻናሉንና የሲግናሉን ጉልበት ከእሱ ይቀበላሉ። የሚነጋገሩት ካፕዋፕ በሚባል ፕሮቶኮል ነው፤ ትእዛዙ በፖርት 5246፣ የተጠቃሚው ዳታ በ5247 ያልፋል። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤርስፔስ የተባለውን ኩባንያ በ450 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ለዚህ ሳጥን ሲል ነበር፤ ኤርኦኤስ የሚባለው የቀድሞዎቹ ኮንትሮለሮቹ ሶፍትዌር የመጣው ከዚያ ነው። ቀሪውን ማኑዋሉ ይንገራችሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ በሆዱ የያዘው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ያለው አክሰስ ፖይንት ሲግናሉ ለምን እንደተቀነሰ፣ የእንግዳው ኔትወርክ ለምን ከሒሳብ ክፍሉ እንደተነጠለ፣ ከማረጋገጫ ሰርቨሩ ጋር የሚግባቡበት ምስጢር ምን እንደሆነ፣ የዓመታት ውሳኔ ሁሉ እዚያ ኮንፊግ ውስጥ ተጠራቅሟል። ሳጥኑ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። ኮንፊጉን ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኮሌጅ ጠርቶኝ ሄድኩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮንትሮለሩን ይዞት ሄዷል። ተመሳሳይ ሞዴል ከሌላ ቅርንጫፍ አስመጥተው ራኩ ላይ ሰክተውታል፤ የቀረው ኮንፊጉን መመለስ ነው።

«ባክአፕ አላችሁ?» አልኩት ኃላፊውን፣ ትሑት ወጣት ነው።

«አለን እንጂ ጋሼ! በየሌሊቱ ይመጣል፤ አንድም ቀን አልዘለለም።»

እውነቱን ነበር። ፎልደሩን ሲከፍተው ፋይሎቹ በቀናቸው ተሰይመው እንደ ተማሪ ሰልፍ ተደርድረዋል፤ አንድም አልጎደለም። ዓይኔን ወደ ቀኝ ወዳለው የመጠን ዓምድ ወሰድኩ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ልጁ አይጡን ወደ ታች እየሳበ፣ ፊቱ እየተለዋወጠ፣ ከዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ። ሁሉም ዜሮ ባይት። ኮንፊጉን በየጣሪያው ሥር እየዞርን፣ የአክሰስ ፖይንቶቹን ስም ከተለጠፈባቸው ወረቀት እያነበብን፣ የቀረውን ሰዎች ከሚያስታውሱት እየለቀምን እንደገና መሥራቱ አራት ቀን ፈጀብን።

ባክአፑን የሚያስነሳው ስክሪፕት በየሌሊቱ «ተሳክቷል» ብሎ መጻፉን ልብ በሉ። አልዋሸም። ኮንትሮለሩ ውስጥ ገብቷል፣ ኮንፊጉን ላክ ብሎ አዟል፣ ወጥቷል። የታዘዘው እቃ መድረሱን እንዲያይ ግን ማንም አልነገረውም። መላኩ የኮንትሮለሩ ሥራ ነው፤ ስክሪፕቱ መልእክተኛ ብቻ።

ታዲያ ፋይሉ ከተፈጠረ ውስጡ ለምን ባዶ ሆነ? እዚህ ጋ አንዲት አሮጊት ማስተዋወቅ አለብኝ።

ስሟ ቲኤፍቲፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን መስፈርቷን የጻፈችው የኤምአይቲዋ ካረን ሶሊንስ ናት፤ በ1992 ታርሞ እንደገና ወጣ፤ እስከ ዛሬ የምንሠራበት እሱ ነው። ጠባብ ማህደረ ትውስታ ያላቸው ማሽኖች እንኳን ሊሸከሟት እንዲችሉ ታስባ ስለተሠራች ትርፍ ነገር የላትም። የተጠቃሚ ስም አትጠይቅም። የይለፍ ቃል አታውቅም። ፎልደሩ ውስጥ ምን እንዳለ ዘርዝሪ ብትሏት አትችልም። የምታውቀው አምስት ዓይነት መልእክት ነው፦ ላንብብ፣ ልጻፍ፣ እንካ፣ ደረሰኝ፣ ስህተት። ፋይሉን በ512 ባይት እየቆረሰች ታጎርሳለች፤ የመጀመሪያው ጉርሻ መዋጡ ሳይነገራት ሁለተኛውን አትጠቀልልም። ማለቁንም በቃል አትናገርም፤ ከ512 ያነሰ ጉርሻ ከመጣ አለቀ ማለት ነው። ፋይሉ ለ512 ልክ ተካፍሎ ያለቀ እንደሆነስ? መጨረሻ ላይ ባዶ ጉርሻ ታጎርሳለች። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።

እንግዲህ ዋናው አለመግባባት ይመጣል። ባክአፕ አልመጣ ሲል የፋየርዎል ኃላፊውን ጠይቁት። መልሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ «ፖርት 69ን ከፍተናል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደሰማኋት! አንዳንዱም ጨምሮ «ፒንግ እኮ ይሠራል» ይላል፤ ፒንግ የሚያረጋግጠው መንገዱ መኖሩን ነው፣ ጭነቱ ማለፉን አይደለም።

69 መከፈቱ እውነት ነው፤ ግን 69 የማንኳኪያ በር ብቻ ናት። የሚሆነውን በዝግታ እንየው። ኮንትሮለሩ «ልጻፍ» የሚል መልእክት ወደ ሰርቨሩ ፖርት 69 ይልካል። ፋየርዎሉ ያሳልፈዋል። ሰርቨሩ ተቀብሎ፣ ፎልደሩ ውስጥ በዕለቱ ቀን የተሰየመ ፋይል ይፈጥራል፤ ገና ምንም ስላልደረሰው ባዶውን። ከዚያ «ደረሰኝ፣ ቀጥል» ሊል ይነሳል። መልሱን ግን ከ69 አይልክም። ለዚህ አንድ ንግግር ብሎ ሌላ ፖርት በዘፈቀደ ይመርጣል፣ 49 ሺህ ምናምን ይሁን፣ መልሱም ከዚያ ይወጣል። መስፈርቱ የሚያዘውም ይህንኑ ነው።

ፋየርዎሉ እንደ ጠንቃቃ የግቢ ዘበኛ ነው። «ይህ እንግዳ በ69 በር አንኳኩቷል፣ መልስ ከ69 በር ይመጣለታል» ብሎ መዝግቧል። ድንገት በጓሮ በኩል፣ በማያውቀው በር አንድ ሰው «ለእንግዳው መልስ ይዤ ነበር» እያለ ሲመጣ ምን ያድርግ? ይመልሰዋል። በእሱ አይፈረድም። ኮንትሮለሩ መልስ ሲጠብቅ ይቆይና ደግሞ ያንኳኳል፣ ደግሞ ያንኳኳል፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። ፎልደሩ ውስጥ የሚቀረው ያ ባዶ ፋይል ነው። ዜሮ ባይት ስታዩ ስለዚህ አትደንግጡ፤ ዜሮዋ ብዙ ትናገራለች። መንኳኳቱ ደርሷል፣ ሰርቨሩ ነቅቷል፣ ፎልደሩ የመጻፍ ፈቃድ አለው፤ የጠፋው የመልሱ መንገድ ነው እያለቻችሁ ነው። ፋይሉ ጭራሽ ባይፈጠር ኖሮ ፍለጋው ሌላ ቦታ ይሆን ነበር።

በኮሌጁም ያገኘነው ይህንኑ ነው። ሰርቨሩ ላይ ፓኬት መያዣ ከፍተን ልኮ እንዲሞክር ኮንትሮለሩን አዘዝነው። አንድ መስመር መጣ፣ ወደ 69። አንድ መስመር ወጣ፣ ከሌላ ቁጥር። ከዚያ ዝምታ። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ እንደገና አንድ ወደ 69። ልጁ ማያ ገጹ ላይ በጣቱ ቁጥሮቹን እየነካ «ጋሼ፣ ይሄ ከየት መጣ?» ሲል መልሱን ራሱ አግኝቶት ነበር።

መፍትሔው ብዙ ላብ አይጠይቅም። ደህና ፋየርዎል ሁሉ የቲኤፍቲፒን ንግግር ተከታትሎ ለመልሱ በር የሚከፍት መርጃ አለው፤ ሊኑክስ ላይ ራሱን የቻለ ሞጁል ነው፣ ሲስኮ ኤኤስኤ ላይ ደግሞ «ኢንስፔክት ቲኤፍቲፒ» የምትል አንዲት መስመር ናት። አጥፍቷት የሚረሳ አለ። ከዚህም የባሰ፣ ነገሩ ሲያስቸግረው ከፍተኛ ቁጥር ያላቸውን የዩዲፒ ፖርቶች በሙሉ ለሁሉም ከፍቶ የሚገላገል አለ፤ ዘበኛው አንድ ሰው አላስገባም ስላለ አጥሩን ማፍረስ ይሉሃል ይሄ ነው። ኮንትሮለራችሁ ኤስኤፍቲፒ የሚችል ከሆነ ደግሞ አሮጊቷን አመስግናችሁ ጡረታ አውጧት። ኤስኤፍቲፒ ሁሉን ነገር በአንድ በር፣ በ22 ይጨርሳል፤ ምስጢርም ይጠብቃል። ተራው ኤፍቲፒ ግን አያሳርፋችሁም፤ እሱም ትእዛዙን በ21 ተቀብሎ ዳታውን በሌላ በር የሚያመላልስ የዚያው ቤት ዘመድ ነው።

ከአሮጊቷ ሳንለያይ አንድ የምወደው ቀልዷ ይቅረብ። ሊኑክስ ላይ በብዛት የሚጫነው የቲኤፍቲፒ ሰርቨር ካልታዘዘ በቀር አዲስ ፋይል አይፈጥርም። አስቀድሞ በዚያ ስም የተቀመጠ፣ ማንም እንዲጽፍበት የተፈቀደ ፋይል ይፈልጋል። ካጣ የሚመልሰው መልስ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ነው። አስቡት፤ እየላካችሁ ነው፣ እሱ አልተገኘም ይላችኋል! አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን አይቶ ኮንፊጉ ከኮንትሮለሩ ላይ ጠፍቷል ብሎ ላብ በላብ ሆኖ ደውሎልኛል። ኮንፊጉ ቦታው ላይ ነበር። የጎደለው ሰርቨሩ ሲነሳ «ፍጠር» የምትለው ምርጫ ናት፤ «ክሪኤት» ተብላ ነው የምትጻፈው።

ሌሎቹን ችግሮች በሩጫ ላንሳ። ባክአፕ የሚያነሳው መሣሪያ ኮንፊጉን እንደ ጽሑፍ እያነበበ የሚገለብጥ ከሆነና ፋይሉ ከጥቂት መስመር በኋላ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ኮንትሮለሩ ገጽ ሲሞላ «ሞር» ብሎ ቁልፍ እስኪጫን እየጠበቀ ነው፤ ኤርኦኤስ ላይ «ኮንፊግ ፔጂንግ ዲስኤብል» በሉት። ኤርኦኤስ ሌላም አመል አለው፦ በኤስኤስኤች ስም ሰጥታችሁ ገብታችሁ እንኳን እንደገና «ዩዘር» ብሎ ይጠይቃል፤ ስትወጡም ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ «ላስቀምጥ?» ይላል። ይህን የማያውቅ ስክሪፕት ደጃፍ ላይ ቆሞ ያድራል።

የባክአፕ ሰርቨሩ ስለታደሰ ብቻ የሚቆምም አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 8.8 አሮጌውን፣ በኤስኤችኤ-1 የሚሠራውን ፊርማ በነባሪው መቀበል አቁሟል። አሮጌ ኮንትሮለር ሌላ ፊርማ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱ አይግባቡም። ለዚያች አንዲት ኮንትሮለር ብቻ ፈቃድ መጻፍ ሲበቃ፣ የሰርቨሩን ጥበቃ ለሁሉም የሚያላላ ሰው አይቼ አዝኛለሁ።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ የእኛው የራሳችን ነው። በስልክ «ባክአፑን 8 ሰዓት ላይ አድርገው» ብዬ፣ ከሌሊቱ ማለቴ ነበር፣ ሰሚው 8 ብሎ ጻፈ። ማሽኑ 8 ሲል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ቢሮ ገብቶ ዋይፋይ የሚከፍትበት ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በስልክ አልናገርም፤ ጽፌ ነው የምልከው። ጄኔሬተር ማታ የሚጠፋበት ቦታም አለ፤ እዚያ ሌሊት የሚነሳ ባክአፕ ተቀባይ የለውም።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ኮንፊግ ፋይል ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ቁልፎች አሉ። እሱን በቴሌግራም ግሩፕ «ወንድሞች እዩልኝ» ብሎ መለጠፍ ምን የሚሉት ነው? አንዳንዱ የይለፍ ቃሉ ግልጥ ሆኖ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ በቀላሉ ይፈታል። በቲኤፍቲፒ ሲጓዝም ራቁቱን ነው የሚጓዘው። ላኩ ከተባላችሁ የይለፍ ቃሎቹን አጥፉና ላኩ።

አዲሶቹ፣ 9800 የሚባሉት የሲስኮ ኮንትሮለሮች ጋ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ። የይለፍ ቃሎቹ በዋና ቁልፍ የተመሰጠሩ ከሆነ ዋናው ቁልፍ ኮንፊጉ ላይ አይታይም። ፋይሉ ሙሉ ሆኖ፣ ሌላ ሳጥን ላይ ሲመለስ ምስጢሮቹ አይፈቱም። ሰርቲፊኬቶቹና ለእንግዳ መግቢያ ያዘጋጃችኋቸው ገጾችም ለብቻቸው ካልተገለበጡ አይመጡም። ዋናውን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካዝና ውስጥ አኑሩት፤ የእኔ እዚያ ነው ያለው።

ኮንትሮለር በእጃችሁ ያለ፣ ዛሬ ከቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት የባክአፑን ፎልደር ከፍታችሁ ከስሙ በስተቀኝ ያለውን ቁጥር እዩ። ዜሮ ከሆነ፣ ኮንትሮለሩን ከመንካታችሁ በፊት የፋየርዎሉን ኃላፊ ጥሩትና ስለ መልሱ በር ጠይቁት። 69ን ከፍተናል ካላችሁ አትመኑት።