አፕዴትን ስለ መክሰስ

ኮምፒዩተራቸው ተበላሽቶ ወደ እኛ የጥገና ክፍል የሚመጡ ሰዎች፣ ከመሣሪያው ጋር ብይኑንም አብረው ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነገር ነው። ማታ በደኅና ተዘግቶ ጧት ሲከፈት ሰማያዊ ገጽ ያወጣውን፣ ወይም «ለውጡ ስላልተሳካ ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው» የሚል ቃል እያሳየ ያንኑ መንገድ ያለ ማቋረጥ የሚመላለሰውን፣ ወይም በጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ቀስት ብቻ ይዞ የደነዘዘውን ላፕቶፕ ከጠረጴዛው ላይ ያኖሩና፣ ገና ምን እንደ ሆነ ሳይጠየቁ «አፕዴት አድርጎ ነው የተበላሸው» ይላሉ። የነገሩን ቅደም ተከተል በመተረክ ረገድ አንዳች ሐሰት አልተናገሩም። ከአፕዴት በኋላ የደረሰው ጉዳት ሁሉ ግን በአፕዴት ምክንያት የደረሰ አይደለም፤ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያልተማረ ባለሙያ የሰው ሰነድ ያለበትን ዲስክ በእጁ ባይነካ እመርጣለሁ።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል የወንጀል መመርመሪያ ነበረ። ዕቃ የጠፋበት ሰው ባመለከተ ጊዜ አንድ ብላቴና መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና፣ በመድኃኒቱ ኃይል እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን እንዲከፍል ይፈረድበት ነበር። ዕቃው በማን እጅ በምን መንገድ እንደ ሄደ መመርመር አያሻምና፣ ፍርዱ ፈጣን፣ ከሳሹም ደስተኛ ነበር። ዛሬም በመጨረሻው ለውጥ ላይ ወድቆ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ቴክኒሻን ከዚያ ሥርዐት የሚለየው፣ መድኃኒቱን ብላቴናው ሳይሆን ራሱ ዳኛው የጠጣው በመሆኑ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 የሆነው ነው። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ማሻሻያ የማውጣትን ልማድ ከ2003 ጀምሮ ይዞ ነበርና፣ በዚያም ወር በ9ኛው ቀን የዊንዶውስን እምብርት፣ ማለት ከርነሉን፣ የሚነካ አንድ የደኅንነት ማሻሻያ አሠራጨ፤ ከተቀበሉትም የዊንዶውስ ኤክስፒ ባለቤቶች ብዙዎቹ ኮምፒዩተራቸውን እንደ ገና ለማስነሣት ቢሞክሩ ከሰማያዊ ገጽ በቀር ሌላ ማየት ተሳናቸው። ነቀፌታው ሁሉ በማሻሻያው ላይ ወረደ፤ ኩባንያውም ሥርጭቱን ገታ። በምርመራው የተገኘው ግን፣ የወደቁት ኮምፒዩተሮች አስቀድመው አሉሬዎን በሚባል፣ የሙያው ሰዎች ሩትኪት በሚሉት ዓይነት ኅቡእ ፕሮግራም ተይዘው የነበሩ መሆናቸው ነው። ይህ ፕሮግራም ዲስኩን በሚያስተዳድረው ድራይቨር ውስጥ ተሰውሮ ከርነሉን የሚጠራው በማይለወጥ የሜሞሪ አድራሻ ስለ ነበረ፣ ማሻሻያው ከርነሉን ሲተካ አድራሻዎቹ ተዛወሩ፤ ሩትኪቱም በቀድሞው አድራሻ ሲጠራ ያልጠበቀውን አገኘና ራሱንም ኮምፒዩተሩንም አንድ ላይ ጣለ። አፕዴቱ የተሰወረውን ገለጠ እንጂ ጤነኛውን አላሳመመም። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ የሩትኪቱ ደራስያን ጊዜ ሳያጠፉ የገዛ አፕዴታቸውን አውጥተው ጉድለቱን ማረማቸው ነው፤ በወንበዴ ዘንድም እንዲህ ያለ ትጋት አለ።

በእኛ ከተማ የሚገለጠው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህል ረቂቅ አይደለም። ታላቅ አፕዴት በጊጋባይት የሚቆጠር ነገር በዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ፣ ለወራት ያልተነካ ብዙ የዲስክ ክፍል በዚያች ሰዓት ይነካል፤ ስለዚህ ደብዳቤ በመጻፍና ፊልም በማየት ብቻ ሲጦር የኖረ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ቁስሉ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። አፕዴቱ ከእኩሌታው ደርሶ ሳለ መብራት ይጠፋል፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራው ላፕቶፕም አሮጌውን ሳይጨርስ፣ አዲሱን ሳይጀምር በመካከል ይቀራል። ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስን ሕጋዊ ለማስመሰል የሚጨመረው አክቲቬተር የሚባለው ነገርም አለ፤ የሥርዐቱን ፋይሎች አስቀድሞ የለወጠ ከሆነ አፕዴቱ የሚያውቀውን ሲፈልግ የማያውቀውን ያገኛል። ባለቤቱ ይህን ከሁሉ በኋላ፣ ያውም ደጋግሞ ሲጠየቅ ብቻ ይናገራል።

ስለዚህ ከመፍቻው በፊት ጥያቄ ይቀድማል፤ ከጥያቄውም ቀጥሎ የሰውየውን ፋይል ማዳን ይቀድማል። ዲስኩን አውጥቼ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘውና፣ አንዳች ሳልጽፍበት የሚነበበውን ሁሉ እገለብጣለሁ፤ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን የጤና መዝገብም እመለከታለሁ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ በ48 አኃዝ ቁልፍ ላይ ይወድቃል፤ ባለቤቱ እንዲህ ያለ ቁልፍ መኖሩን እንኳ ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኮምፒዩተሩን ሲገዛ በከፈተውና ከዚያ ወዲህ በረሳው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ያም ካልተገኘ እኔም ሌላም ሰው ልንከፍተው አንችልም፤ ይህን በግልጽ መናገር ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ነው። ቁልፉ ከተገኘ የቀረው ቀላል ነው። በሰማያዊው ገጽ ግርጌ ያለውን የስሕተት ስም ማንበብ፣ በሴፍ ሞድ መነሣቱን መሞከር፣ ከጥገናው ገጽ ላይ የመጨረሻውን አፕዴት ማንሣት፤ አፕዴቱ የዊንዶውሱን እትም የለወጠ እንደ ሆነም በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፣ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል አሮጌው ቅጂ ካልተሰረዘ።

ይህን ስል ለአፕዴት ጠበቃ መቆሜ አይደለም፤ በእውነት በደለኛ የሆነበት ጊዜ አለና። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድ ሰርዞ ስለ ተገኘ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ታግዶ እስከ ኖቬምበር 13 ቆይቷል። ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ፣ ዊንዶውስ ራሱ ሳይሆን ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ድርጅት ያሠራጨው አንድ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን ጣለ፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ 20 መረጃ ብቻ ቀርቦለት 21ኛውን ለማንበብ በመሞከሩ ነበር። መድኃኒቱ ያንን ፋይል መሰረዝ ብቻ ሲሆን፣ የማይነሣን ኮምፒዩተር ከሩቅ ማዘዝ ስለማይቻል ብዙው በሰው እጅ አንድ በአንድ መጠገን ነበረበት። እነዚህን ከቀደሙት የምለይበት መንገድ ረቂቅ አይደለም፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ኮምፒዩተሮች በአንድ ጧት አንድ ዓይነት ስሕተት ይዘው ከመጡ አፕዴቱን እይዛለሁ፣ አንዱ ብቻውን ከመጣ ግን ውስጡን እመረምራለሁ።

ሥራው ተፈጽሞ ሒሳብ ሲከፈል የሚቀርብልኝ ልመና ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እባክህ ልጄ፣ ሁለተኛ አፕዴት እንዳያደርግ ዝጋልኝ።» እኔም ስለ ዋናክራይ እነግራቸዋለሁ፤ ሜይ 12 ቀን 2017 ተነሥቶ ከ150 በማያንሱ አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ የጠየቀውን ያንን ትል የሚከለክለው ማሻሻያ ከማርች 14 ጀምሮ ወጥቶ ነበርና። ከዚያ ለ5 ሳምንት ብቻ አዘገይላቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ የሌላው ሰው ኮምፒዩተር ተፈትኖ ያልፋል፣ እነርሱም ባክአፕ የሚይዙበት ተጨማሪ ዲስክ ይገዛሉ። አንዳንዶቹ በዚህ ተስማምተው ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም መንገዱን ተሻግረው ከፊት ለፊቱ ሱቅ በጥቂት ብር ፈጽመው ያዘጉታል።