ጉኑኖ ሲገበዩ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርድ መንገደኛ አረካን ካለፈ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ሶዶ ላይ ነው። ምሳው እዚያ፣ አልጋውም እዚያ ነው። ለቤተሰቡ ይዞ የሚመለሰውንም ዕቃ ከመናኸሪያው አካባቢ ካሉ ሱቆች ለመሸመት አስቧል። አይሳሳትም፣ ያገኛል። ነገር ግን ሶዶ ላይ የሚገዛው ቅቤ፣ ቆጮ፣ ጎደሬና ዝንጅብል ቀደም ብሎ በየወረዳው ገበያ ወጥቶ፣ በአንድ ወይም በሁለት ነጋዴ እጅ አልፎ የመጣ ነው። ከእነዚህ የወረዳ ገበያዎች አንዱ ያለው ከአረካ ወደ ሶዶ ከሚወስደው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ በምትገኘው በጉኑኖ፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ግማሽ ቀን መስጠት የሚችል መንገደኛ ዕቃውን ከሶዶ ከመግዛቱ በፊት እዚህ ይግባ እላለሁ። ምክንያቴ ዋጋው መርከሱ ብቻ አይደለም። እዚህ ሻጯ የምታቀርበው ብዙ ጊዜ ራሷ የፋቀችው፣ የናጠችው ወይም ከጓሮዋ የቆፈረችው ነው፤ ስለ ዕቃው የሚጠይቋት ሁሉ መልስ አለው።

ጉኑኖ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የደጋና የወይና ደጋ መገናኛ ናት። አፈሯ ቀይ፣ ጓሮዋ እንሰት ነው። የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች ስሟን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ በ1970ዎቹ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ ካቋቋሟቸው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች አንዱ፣ ከወሎው ማይባር፣ ከሸዋው አንዲት ጥድና ከጎጃሙ አንጀኒ ጋር፣ የጉኑኖ ጣቢያ ነበርና። ጣቢያው እዚህ የተተከለው ያለ ነገር አልነበረም። ሕዝቡ ብዙ፣ ማሳው ጠባብ፣ ዝናሙ ኃይለኛ ነው። ዛሬም በወላይታ ደጋ ብዙው ቤተሰብ የሚኖረው ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ መሬት ላይ ነው።

የገበያውን መልክ የሠራው ይኸው የመሬት ጥበት ነው። ገበሬው አንድ ሰብል በጅምላ አያመርትም፤ በቤቱ ዙሪያ እንሰት፣ በእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና፣ ዝቅ ብሎ ጎደሬና ስኳር ድንች፣ ከዚያ ቦሎቄና በቆሎ፣ በዳር በዳሩ አቮካዶና ሙዝ ይኖሩታል። ስለዚህ ወደ ገበያ የሚወጣው ጭነት ትንሽ በትንሹ ነው፦ አንዷ ሁለት መደብ ጎደሬ፣ ሌላዋ አንድ ጣሳ ቡናና ጥቂት ዕንቁላል፣ ሦስተኛዋ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ። በማለዳ ተሸክማ የመጣችው ሴት የሸጠችበትን ብር ይዛ እዚያው ገበያ ውስጥ ጨው፣ ሳሙናና ደብተር ገዝታ ትመለሳለች። መንገደኛ ጠጋ ብሎ ዋጋ ሲከራከር ይህን ቢያስብ መልካም ነው። መከራከር ነውር አይደለም፣ የገበያው ወግ ነው። ሆኖም ከዋጋው ብዙ ከማስቀነስ ይልቅ የተባለውን ከፍሎ «እማማ፣ ይመርቁልኝ» ማለት ሁለቱንም ያስደስታል፤ በመደቡ ላይ አንድ ሁለት ራስ ጎደሬ ይጨመርለታል።

የወላይታ ሰው ገበያን «ጊያ» ይለዋል፤ «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ የሰጠ እንግዳም ፊት ይበራለታል። ገበያው በየቀኑ የሚቆም አይደለም። በዞኑ ያሉ ከተሞች ነጋዴው ከአንዱ ወደ አንዱ እንዲዞር ቀናቸውን የተለያየ አድርገውታል፤ ስለዚህ ሶዶ ወይም አረካ ላይ «የጉኑኖ ገበያ መቼ ነው?» ብሎ ሾፌር ወይም ባለሱቅ ጠይቆ መነሳት ግድ ነው። ዝርዝር ብርም ይያዝ። በከተማ ሱቅ ቴሌብር ይሠራል፤ መሬት ላይ ተቀምጣ የምትሸጥ እናት ግን በ2013 ዓ.ም. የወጣውን ባለ 200 ብር ኖት እንኳ ለመመለስ ትቸገራለች። በወላይታ ነገሥታት ዘመን፣ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ንጉሡን ካዎ ጦናን ድል አድርገው ወላይታን ከመያዛቸው በፊት፣ ገበያው የሚንቀሳቀሰው ማርጩዋ በሚባል የብረት ገንዘብ፣ በአሞሌ ጨውና ኋላም በማርያ ትሬዛ ብር ነበር።

ቅቤ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ልቁም፤ ወላይታ ድረስ ሄዶ ቅቤ ሳይገዛ የሚመለስ ሰው ብዙ ቀርቶበታልና። ገበያ ላይ ቅቤ በዕድሜው ይለያል፦ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል። ለጋው ለስላሳና ሽታው ቀላል ሲሆን ለጥሬ ምግብና ለራስ ይመረጣል። በሳሉ ሽታው የጠነከረ፣ ወጥ ውስጥ ጥቂቱ ብዙ የሚሠራ ነው። ለማንጠር የሚገዛ ሰው መካከለኛውን ቢይዝ አይቆጭም። የሚያሳዝነው ነገር፣ ባዕድ ነገር የሚቀላቅሉ መኖራቸው ነው። የአትክልት ቅቤ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ ሳይቀር ይጨመርበታል። ንጹሑን ለመለየት ጥቂት ቆንጥሮ በሁለት ጣት ማሸት ነው፤ እውነተኛ ቅቤ በጣት ሙቀት ይቀልጣል፣ ጓጉሎም ሆነ ሻክሮ የሚቀር ነገር የለውም። ከላይ ብቻ አይታይ፤ ሻጯን አስፈቅዶ መሐሉን በእንጨት ወጋ አድርጎ ማየትና ማሽተት የታወቀ ነውና ማንም አይቀየምም። ማሸጊያው የእንሰት ቅጠል ነው። ኮባው ቅቤውን ከሙቀት ስለሚጠብቀው በፌስታል አይቀይሩት። አውቶቡስ ላይም ከእግር በታች እንጂ ከራስ በላይ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ አይስቀሉት፤ ሆሳዕና ሳይደርስ ይፈሳል።

ከቅቤው ጎን ቆጮና ቡላ አለ። አንድ እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ሴቶቹ ግንዱን ፍቀው፣ አምቾውን ወቅጠው፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ሸፍነው ያብላሉታል፤ ሲፋቅ የሚወጣው ውሃ ረግቶ ከሥሩ የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ይሆናል፤ የተረፈው ጭረት ደግሞ ቃጫ፣ ገመድ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ወንዱ የሚነካው ጥቂቱን ነው፤ መፋቁም፣ ማብላላቱም፣ መሸጡም የሴት ነው። ቆጮ ሲገዙ ጭረቱ የበዛና ውሃው በደንብ ያልተጨመቀ ከሆነ ለውሃ እየከፈሉ ነውና እፍኝ ወስደው ይጨምቁት። ቡላ ግን ለመንገደኛ ከቆጮ ይልቅ ይመቻል፤ ደርቆ ይቆያል፣ ክብደቱም ያነሰ ነው፣ ለገንፎም ለአራስ አጥሚትም ይሆናል።

ጎደሬን የማያውቅ የሰሜን ሰው ድንች መስሎት ይገዛዋል። ይግዛው፤ ግን በደንብ ይቀቅለው። ጥሬውንም ሆነ በደንብ ያልበሰለውን የቀመሰ ሰው አፉንና ጉሮሮውን ይበላዋል፤ በውስጡ ያለው የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣት ሹል ስለሆነ ነው፣ መቀቀሉ ግን ያስታግሰዋል። በዚህ አካባቢ ጎደሬ ተራ ነገር አይደለም፤ የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል አሻሽሎ ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ በአካባቢው ስም ቦሎሶ 1 ተብሏል። ዝንጅብሉን ደግሞ እርጥቡን ይያዙ። ወላይታና ከምባታ የአገሪቱ የዝንጅብል ጓዳ ነበሩ፤ በ2004 ዓ.ም. ግድም የገባው አጠውላጊ በሽታ ብዙ ማሳ ባዶ አስቀርቷል። አሁን መደብ ላይ የሚያዩት ከዚያ ጥፋት ተርፎ ወይም እንደገና ተተክሎ የመጣ ነው።

እርጥብ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና በሶብላ ከያዙ የዳጣ ዕቃ ሞላልዎ ማለት ነው። ዳጣ በዱቄት የሚሸጥ በርበሬ አይደለም፤ ቃሪያው ወይም እርጥቡ በርበሬ ከቅመሙ ጋር አብሮ ተፈጭቶ የሚቀርብ ማባያ ነው። ሥጋ ቤቶች ያዘጋጁታል፤ እኔ ግን ዕቃውን ከገበያ ገዝቶ ቤት መፍጨትን እመርጣለሁ፤ የተፈጨው ሲቆይ ያንን ትኩስ ሽታውን ያጣል።

ስለ ወላይታ ሰንጋ ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። የከብቱ ገበያ ለመንገደኛ የሚገዙበት ሳይሆን የሚያዩበት ነው። በሬው አርሶ አርሶ ሲደክም ገበሬው ቤቱ አስገብቶ ለወራት ያደልበዋል፤ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የበቆሎ ቅጠል፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ልጆች አጭደው የሚያመጡት ሣር ይሰጠዋል፣ ጀርባው ይታሻል። እነዚህ ሰንጋዎች በደላላ እጅ ተገዝተው እስከ አዲስ አበባ ይጓዛሉ። ሥጋውን ለመብላት ግን ሶዶ ይመለሱ። ጥሬ የሚበላ ሰው ቄራ ታርዶ የምርመራ ማኅተም ያለበት መሆኑን አይቶ ይዘዝ፤ የኮሶ ትል የሚመጣው ካልተመረመረ ሥጋ ነው።

አሁን ወደ ልብሱ። ልባሽ ጨርቅ፣ ሰልባጅ የምንለው፣ በጉኑኖም እንደ ሁሉም ቦታ ተዘርግቷል፤ ለእሱ ወላይታ ድረስ መምጣት አያስፈልግም። የወላይታ ልብስ ዱንጉዛ ነው፦ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ፣ በሾጣጣ መስመር እየተፈራረቁ የሚሄዱበት የጥጥ ጥበብ። ቀድሞ ሹማምንትና ጀግኖች የሚለብሱት የክብር ልብስ ነበር፤ ጎረቤታቸው ጋሞም ያው ዱንጉዛ አለው። ጥጡን ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን እያመላለሱ ይሸምናሉ። ዛሬ ከዚያ ሸሚዝ፣ ኮፍያ፣ ከረባት፣ የአንገት ልብስና የሙሽራ ካባ ይሰፋል፤ የሶዶ የባህል ልብስ ሱቆች መስኮትም በእነዚህ የደመቀ ነው። ስፌቱ ያማረ ነገር የሚፈልግ ሰው ሶዶ ሱቅ ይግባ፤ ባለሙያዎቹ ለክተው ይሰፉለታል።

ነገር ግን በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ከተሸመነው ጋር ተቀላቅሎ ይሰቀላል፣ አንዳንዴም በአንድ ዋጋ። መለየቱ ቀላል ነው። ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ የተሸመነው ንድፉ በሁለቱም በኩል አለ፣ የታተመው ከኋላው ደብዛዛ ወይም ነጭ ነው። ክሩን በጣት ሲዳስሱት የተሸመነው ጎርበጥ ይላል። ነጭ መሐረብ አርጥበው ጥቁሩንና ቀዩን መስመር ቢያሹት የሚለቅ ቀለም ወዲያው ይታያል። ይህን የምለው የታተመውን የገዛ ሰው ተታለለ ብዬ ብቻ አይደለም። አንድ ሸማኔ ቀናት የደከመበትን ጨርቅ በሰዓት ሺህ ሜትር የሚያትም ማሽን ከገበያ ካስወጣው ልጁ ሙያውን አይቀጥልም። ቀድሞም ብዙ የደቡብ ሸማኔ ሠርቶ ለመኖር ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተሰዷል። ስለዚህ ከገበያው ዳር ሸማኔው ራሱ ዘርግቶ የሚሸጠውን ካገኙ ከእሱ ይግዙ፣ ስፌቱን ሶዶ ያሰፉ።

ከሸማኔው ይልቅ የተረሱት ሸክላ ሠሪዎቹ ናቸው። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስትና እንስራ ደርድረው ከገበያው ጠርዝ ይቀመጣሉ። የጠርዙ ቦታ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ በወላይታ፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል እንደነበረው ሁሉ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ፋቂ በጋብቻም በማዕድም ተለይተው የኖሩ ናቸው፣ አብዛኞቹም የረባ መሬት አልነበራቸውም። እጃቸው የሠራውን ድስት ሁሉም ሰው ይበላበታል፣ አብሯቸው ለመብላት ግን ስንቱ ተጸየፈ! ይህ ልማድ እየላላ መጥቷል፣ ግን አላለቀም። ጀበና ሲመርጡ በጣት ጠቅ አድርገው ይስሙት፤ በደንብ የተተኮሰው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሻጯን ስለ አፈሩና ስለ መተኮሻው ይጠይቋት፣ ጀበናውን ከመጠቀምዎ በፊት እንዴት እንደሚያሟሹትም ትነግርዎታለች። ዋጋው ላይ ግን አይከራከሯት።

ጠዋት መድረስ ጥሩ ነው። ቅቤና ዕንቁላል ቀድሞ ያልቃል፣ የሶዶና የአረካ ነጋዴዎች ማልደው ገብተው ይሰበስቡታልና። ፎቶ ለማንሳት የፈለገ አስቀድሞ ያስፈቅድ። ከደከመዎም ጎራ የሚሉበት ቡና አይጠፋም፤ ዕድል ከገጠመዎ የቡና ቅጠሉ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣውን ሃይታ ቱኬ ይቅመሱ።

ጊዜ መምረጥ የሚችል ሰው ደግሞ ከጊፋታ በፊት ባሉት ሳምንታት ይምጣ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ የሚከበረው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ውስጥ በሚውለው እሑድ ነው። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ለሰንጋ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ዕቁብ ሲጥሉ ከርመው ያንን ገንዘብ ይዘው የሚወጡት በእነዚያ ገበያዎች ነው። ቅቤው፣ ቡላው፣ ዱንጉዛውና ጀበናው በዓመቱ በብዛትም በጥራትም ጎልቶ የሚወጣው ያኔ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላልና በቂ ብር ይያዙ።