በኔትወርክ ላይ ማን ይቅደም? ውሳኔው የመሥሪያ ቤቱ ነው

አንድ የዞን አስተዳደር ከወረዳዎች ጋር በቪዲዮ ኮንፈረንስ የሥራ ግምገማ በሚያካሂድበት ሰዓት፣ በዚያው ሕንጻ የሚገኝ ሌላ ክፍል ከባድ ፋይል ቢልክ ድምፁ ሊቆራረጥ፣ ምስሉም ሊቆም ይችላል። ችግሩ "ኔትወርክ የለም" ተብሎ ቢታለፍም መስመሩ አለ። የጎደለው በመስመሩ ላይ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስን ሥርዓት ነው።

ይህ ሥርዓት በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ "ኳሊቲ ኦፍ ሰርቪስ" ወይም የአገልግሎት ጥራት ይባላል። በኔትወርክ የሚተላለፍ መረጃ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። ብዙ ፓኬቶች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ መውጫ ሲያመሩ ስዊቹ ወረፋ ያስይዛቸዋል፤ ወረፋው ሲሞላም ትርፉን ይጥላል። የተጣለ የፋይል ፓኬት እንደገና ስለሚላክ ጉዳቱ መዘግየት ብቻ ነው። ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ግን ጥቅም የለውም። በመሆኑም ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ግንኙነት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠ መዘግየትን ይመክራል።

በኢትዮጵያ ወረዳ ኔት በ1990ዎቹ ዓ.ም ማብቂያ ሲዘረጋ በርካታ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። ከምድር ወገብ በላይ 35 ሺህ 786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኝ ሳተላይት በኩል የሚያልፍ መልእክት ወጥቶ ለመውረድ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በእንዲህ ዓይነት መስመር ላይ በቢሮ ውስጥ የሚጨመር እያንዳንዱ መዘግየት ችግሩን ያባብሳል።

ቅድሚያ የሚሰጠው በምልክት ነው። በስዊቾች መካከል ምልክቱ ከ0 እስከ 7 ያሉ ስምንት ደረጃዎች አሉት። እ.ኤ.አ በ1998 በወጣው የኢንተርኔት ደረጃ መሠረት ደግሞ ከ0 እስከ 63 የሚደርስ ሲሆን፣ ለድምፅ የተለመደው ቁጥር 46 ነው። ስዊቹ ምልክቱን አይቶ ፓኬቱን ወደሚገባው ወረፋ ይመድባል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን መክፈት ብቻውን በቂ አይደለም። ለምሳሌ ሲስኮ ካታሊስት 2960 በተሰኘው ስዊች ላይ ሥርዓቱ ተከፍቶ የትኛው መሰኪያ እንደሚታመን ካልተወሰነ፣ ስዊቹ የሚደርሰውን ምልክት ሁሉ ወደ ዜሮ ይለውጣል፤ የስልኩ ድምፅም ከፋይል ጋር እኩል ይሰለፋል። በሌላ በኩል ሁሉም መሰኪያ ከታመነ ማንኛውም ኮምፒዩተር ራሱን ማስቀደም ይችላል። ስለሆነም ሊታመኑ የሚገባቸው የስልክና የቪዲዮ ኮንፈረንስ መሣሪያዎች የተገናኙባቸው መሰኪያዎች ብቻ ናቸው።

ቅድሚያ ለሚሰጠው አገልግሎትም ገደብ ያስፈልጋል። በተለመደው የጂ.711 አሠራር አንድ የስልክ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ 80 ኪሎ ቢት ገደማ ይወስዳል። አሥር ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ከተካሄዱ የአንድ ሜጋ ቢት መስመር አራት አምስተኛው ይያዛል፤ ሌላው ሥራ በቀሪው ብቻ ይስተናገዳል።

ከዚህም በላይ መጨናነቁ የሚበረታው ከሕንጻው በሚወጣው ጠባብ መስመር ላይ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ሥርዓት በራውተሩ ላይ ሊኖር ይገባል። የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪው ምልክቱን የሚያከብር መሆኑንም በውል ማረጋገጥ ያሻል።

የቅድሚያ ሥርዓት የመስመር አቅም አይጨምርም፤ ማን እንደሚጠብቅ ብቻ ይወስናል። የሚጠብቀው የደመወዝ ዝርዝር ነው ወይስ የቪዲዮ ስብሰባ የሚለውን ቴክኒሻኑ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። የሥራ ኃላፊዎች አገልግሎቶቻቸውን በቅደም ተከተል ዘርዝረው በጽሑፍ ሊያጸድቁ ይገባል። መመዘኛውም የተጠቃሚው ሥልጣን ሳይሆን የአገልግሎቱ ባሕርይ መሆን ይኖርበታል፤ የኃላፊው ኢሜይል ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ጉዳት የለውም፣ ከወረዳ የሚመጣ የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ግን መቆራረጥ የለበትም።