ከጎንደር እስከ መተማ፦ ሳይቸኩሉ የሚወረድ መንገድ

በእኛ አካባቢ "እገሌ መተማ ወረደ" ከተባለ ለሽርሽር ሄደ ማለት አይደለም። ሰሊጥ ሊያርም፣ ጥጥ ሊለቅም፣ ሊነግድ ወይም ድንበር ሊሻገር ሄደ ማለት ነው። መንገዱን ለማየት ብቻ ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን በነርስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት ጀምሮ ይህን መንገድ እወደዋለሁ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ጉዞ ውስጥ ከደጋው ጫፍ እስከ ሞቃቱ ቆላ ድረስ አገር ሲለወጥ ያሳያልና።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሰላሙ። በቅርብ ዓመታት በክልላችን የተነሳው ግጭትና በመንገዱ ላይ የሚሰማው እገታ ብዙ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አድርጓል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጀመረው የሱዳን ጦርነትም በመተማ በኩል ብዙ ስደተኛ አስገብቷል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሰሞን የተመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። "አይ፣ ዛሬ ይቅር" ካሏችሁ ይቅር። ከዚህ በታች ያለውን መንገዱ ሰላም ለሚሆንበት ቀን አስቀምጡት።

ወሩም ይመረጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቆላው እሳት ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ምድሩ ያምራል፤ ነገር ግን ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ለቤተሰብ የሚሻለው ታኅሣሥና ጥር ነው። ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ያደክማል። አንዱን ቀን በዝግታ ወርዶ፣ አድሮ፣ በማግስቱ መመለስ ይሻላል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከጎንደር ተነስታችሁ አዘዞ ስትደርሱ ወደ ምዕራብ ትታጠፋላችሁ። እስከ አይከል ያለው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ደጋ ነው፤ የጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጋቢ የለበሰ እረኛ። ቁርሳችሁን አይከል ብሉ። የጭልጋ ወረዳ ከተማ ናት። ልጆቻችሁ ጥያቄ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ እዚህ የሚነገር ነገር አለ። በጭልጋ ምድር 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የእንስሳት ቅሪተ አካል ተገኝቷል። የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶችና ሁለት ትልልቅ ቀንዶች ጎን ለጎን የነበሩት፣ አውራሪስ የሚመስል ትልቅ እንስሳ ይገኙበታል። ስለ ጓንግ ወንዝም ንገሯቸው። ከጣና በስተ ሰሜን ካለው ከፍታ ይነሳል፤ ጣና ቅርቡ ሆኖ ሳለ ወደ ጣና አይገባም። ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው እዚያ በረሃው ውስጥ ነው።

ከአይከል በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ሾፌሩ ፍሬን እየረገጠ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ። በነጋዴ ባሕር በኩል ስታልፉ መስኮቱን ክፈቱ፤ አየሩ ራሱ ይነግራችኋል። ጋቢው ይወልቃል፣ ባሕር ዛፉ ይጠፋል፣ ግራርና ኩርኩራ ይተካል፣ የጤፉ ማሳ ለማሽላና ለሰሊጥ ቦታ ይለቅቃል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስታችሁ ወደ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ እየወረዳችሁ ነው።

በቆላው ኮረብታ ላይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆም ዛፍ ታያላችሁ። የዕጣን ዛፍ ነው። በበጋው ወራት ሠራተኛው ቅርፊቱን በስለት ይፍቀዋል፤ ነጩ ሙጫ ይወጣና ይደርቃል። ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይለቅመዋል፤ ቁስሉንም እንደገና ያድሰዋል። በየቤታችን ለቡና የምናጨሰው ዕጣን ከእንዲህ ያለ ዛፍ የሚወጣ ነው። እረፍት ያላገኘ ዛፍ ይደክማል፤ እሳትና ልቅ ግጦሽ ደግሞ ችግኙን አያሳድጉትም።

ምሳ ገንዳ ውኃ ላይ ነው፤ ነባሩ ሰው ሸኽዲ ይላታል፤ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚያ በኮኪት አልፋችሁ መተማ ዮሐንስ ትገባላችሁ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ንጉሡ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚህ በጥይት ቆስለው ሞቱ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞችና ጣሊያኖች በዚሁ ድንበር ላይ ተዋግተዋል። ማዶው ጋላባት ነው፤ በመካከሉ ያለው ትንሽ ወንዝና ድልድይ ብቻ ነው። በድንበሩ አካባቢ ፎቶ አታንሱ። ይልቅ ጥላ ፈልጋችሁ ፉልና ሻይ እዘዙ፤ ሱዳን ቅርብ መሆኗን ምላሳችሁ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ፤ ኦ አር ኤስም አይጥፋ። ሕፃንን በቆመ መኪና ውስጥ ለደቂቃም ቢሆን ትታችሁ አትውረዱ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። የደጋ ሰው ሰውነቱ ወባን አልለመደምና ስለ መከላከያ መድኃኒት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማታ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ተኙ።

አጎበሩ ለወባ ትንኝ ብቻ አይደለም። በዚህ ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርና በግራሩ ሥር ትኖራለች። እናንተ አንድ ሌሊት አድራችሁ ትመለሳላችሁ። በመንገዱ ላይ በጭነት መኪና ተጭነው የምታዩአቸው ወጣቶች ግን ወራት ሙሉ ማሳ ላይ፣ ሜዳ ላይ ነው የሚተኙት። በዚህ መንገድ አብሮ የሚወጣው በሽታ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እነሱን ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር። ሊቦ ከምከም ቆላ አይደለም፤ በሽታውን ይዘው የተመለሱት ከመተማና ከሁመራ እርሻ የመጡ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ታስቦ ነበር። ያልታከመ ካላዛር ይገድላል፤ የታከመ ግን አብዛኛው ይድናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሕክምናው አለ።

ስለዚህ ከቆላ ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ደማችሁን አስመርምሩ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነት ከከሳና በግራ በኩል ሆድ ካበጠ፣ ወራት አልፈው ቢሆን እንኳ ካላዛርን አስቡ። ለባለሙያው ሳትጠየቁ "መተማ ወርጄ ነበር" በሉ። እናንተ ባትታመሙም ከሰሊጥ አረም የተመለሰ የጎረቤት ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ቤታችሁ የሚሠራ ወጣት አይጠፋም። ቀለሙ ገርጥቶ፣ ቀበቶው ሰፍቶት ካያችሁት "ድካም ነው" ሲላችሁ አትመኑት። እጁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።