ለመጀመሪያው ሩጫችሁ ስትዘጋጁ

ዛሬ ስለ ሩጫ እንጨዋወት። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ ታላቁ ሩጫ የሚባል ውድድር አለ። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። እናንተም ልትሮጡ አስባችሁ ይሆናል።

ሩጫ ከጉልበት ይልቅ ልምምድ ይፈልጋል። ከሁለት ሦስት ወር በፊት ጀምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። መጀመሪያ ትንሽ ሩጡ፣ ትንሽ ተራመዱ። ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፈጥናችኋልና ቀስ በሉ። በማግሥቱ እረፉ፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚያዞረው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ይህ ቀልድ አይደለም።

ጫማስ? «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው። ግን እግሩ ለምዶት ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። እናንተም የለመዳችሁትን አድርጉ። አዲስ ጫማ ለውድድሩ ቀን ብላችሁ አታስቀምጡ፤ እግር ይልጣል።

በዕለቱ ጠዋት ቀደም ብላችሁ ዳቦ በሻይ ቅመሱ። ሽሮው ከሩጫው በኋላ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚያታልለው መነሻው ነው። ሙዚቃውና ጩኸቱ ያስፈጥናል። እኔም በመጀመሪያው ቀን «ተማሪዎቼ እያዩኝ ነው» ብዬ ተፈተለክሁ። ዳገቱ ሳይጀመር ጎኔን ወጋኝና ቆምሁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ የታጠቁ እናት በሶምሶማ አለፉኝ። ዳግም ያየኋቸው ከመጨረሻው መስመር ወዲያ፣ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ ነው።