ደም ከመስጠትዎ በፊት እውነቱን ይናገሩ

ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግራ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለመውለድ የገባች እናት ደም ቢፈሳት፣ የምትድነው በማታውቀው ሰው ደም ነው። ያ ሰው እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ለመሆኑ የለገሱት ደም ታማሚዋ ጋር ከመድረሱ በፊት ምን ይደረግበታል?

ደም ሲለግሱ ለምርመራ የሚሆን ጥቂት ናሙና ለብቻው ይቀዳል። ናሙናው ኤች አይ ቪ፣ ጉበትን የሚያጠቁት ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ቂጥኝ ይፈተሽበታል። አንዱ እንኳ ከተገኘ ደሙ ይወገዳል። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአንድ ሰው ደም ወደ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ፕላዝማና ፕላትሌት ሲከፋፈል እስከ ሦስት ታማሚዎች ሊደርስ ይችላል።

ሆኖም ምርመራው የማያየው ጊዜ አለ። ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ድረስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ባለሙያዎች ይህን «የመስኮት ጊዜ» ይሉታል። የበለጸጉ አገሮች የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ በሚፈልግ ምርመራ ጊዜውን ያሳጥሩታል፤ ጨርሰው ግን አያጠፉትም። ምርመራው ውድ በመሆኑም ብዙ ታዳጊ አገሮች ኤላይዛ በተባለው ዘዴ ይሠራሉ።

ታዲያ ይህን ክፍተት ማን ይሙላው? እርስዎ! ከመለገስዎ በፊት ስለ ጤናዎ፣ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነትዎ፣ ስለ ንቅሳት ሳይቀር ይጠየቃሉ። ጥያቄው ቢያሳፍርዎም አይሸሽጉ። ዘመዱ አልጋ ላይ የተኛበት ወይም ደሙን በገንዘብ የሚሸጥ ሰው እውነቱን ሊደብቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ያለ ክፍያ ከበጎ ፈቃደኞች ይሰብሰብ የሚለውም ለዚህ ነው። በአገራችንም አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቀይ መስቀል ማኅበር ወደ ጤና ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ፣ ከቤተሰብ ምትክ ለጋሾች ይልቅ በጎ ፈቃደኞችን ለማብዛት ተሠርቷል።

ስለዚህ «ኤች አይ ቪ ይኖርብኝ ይሆን?» ብለው ውጤቱን ለማወቅ ሲሉ ብቻ ደም አይለግሱ፤ ለዚያ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። ጥርጣሬ ካለዎት ለባለሙያው ነግረው ለጊዜው ይቆዩ። ጤነኛ ከሆኑ፣ 18 ዓመት ከሞላዎትና ክብደትዎ ከ45 ኪሎ ካላነሰ ግን በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላሉ። ደጋግሞ የሚለግስ ሰው ደሙ በየጊዜው ስለሚመረመር፣ ለታማሚም ለራሱም ጥቅም አለው። ሲለግሱም የምርመራ ውጤትዎን መቼ እንደሚያገኙ መጠየቅ አይርሱ።